ከትርፍ ቤት የተረፈችው ኦርኪድ

የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ የተለጠፈውን የእሸጋ ወረቀት በጥፍሩ እየላጠ፣ «ፎቁ ላይ ያለችው አሮጊት የድሮዋ ባለቤት ናት። ብዙ ባትቀርቧት ነው የሚሻለው» አለን። ባለቤቴ «እሺ ጓድ» ብሎ ቁልፉን ተቀበለ። እኔ ልጃችንን አዝዬ ስለነበር ቶሎ ገብቼ ማውረድ ነበር ሐሳቤ።

ቤቱ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ፣ ታቹ የድንጋይ፣ ላዩ የእንጨት የሆነ አሮጌ ፎቅ ነው። ላዩ ላይ ባለቤቲቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ታችኛውን ለብዙ ዓመታት ተከራይቶ የኖረው አንድ ሽማግሌ የግሪክ ሰዓት ሠሪ ነበር። ግሪኩ ሱቁን ዘግቶ አገር ለቆ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣና ታችኛው ቤት የመንግሥት ሆኖ ታሸገ። ለእኛ እስኪመራ ድረስ ክረምቱም በጋውም እንደተዘጋ አለፈበት።

እኛ ከዚያ በፊት የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳው በሚያልበው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ ሳል አልለቀቃትም። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ እኔ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሁለት ሰፊ ክፍል፣ የሳንቃ ወለልና የራሱ ቧንቧ ያለው ቤት ይደርሰናል ብለን በሕልማችንም አላሰብንም። ስለዚህ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን የዘለቀው እስከ ጓሮው በር ድረስ ብቻ ነው።

በጓሮ በኩል በመስታወት የተከለለ በረንዳ ነበር። በሩን ስከፍተው የታፈነ አቧራና የደረቀ ቅጠል ሽታ ፊቴን መታኝ። ከጣራው ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉ ትናንሽ የእንጨት ቅርጫቶች ተሰልፈዋል። በየቅርጫቱ ውስጥ የሞተ ነገር አለ። ቅጠሎቹ ጫማ ሰፊ የጣለው ቁርጥራጭ ቆዳ ይመስላሉ። ሥሮቻቸው ከቅርጫቱ ወጥተው እንደ አሮጌ ሲባጎ ተንዘልዝለዋል። «ነገ እጠርገዋለሁ» ብዬ በሩን መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ስከፍት፣ ረዘም ያሉ፣ ቀጭን አሮጊት ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ነጠላቸው ከመንጻቱ ብዛት ወደ ሰማያዊ ያደላል።

«ይቅርታ ልጄ፤ መግባት ይቻላል?» አሉኝ።

ምን ብዬ እንደምጠራቸው ጨነቀኝ። ሰፈርተኛው በሹክሹክታ «እሜቴ» ነው የሚላቸው፤ ቀበሌ እንዲያ ማለት አይወድም። «ጓድ» ልበል ብል አፌ እንቢ አለኝ። «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» አልኩ። በገዛ ቤታቸው ደፍ ላይ ፈቃድ ሲጠይቁኝ ያሳፈረኝ ኀፍረት ዛሬም አልለቀቀኝም።

ወዲያና ወዲህ ሳያዩ ቀጥታ ወደ በረንዳው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በእጃቸው ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ዓይናቸው ሞራ ጀምሮት ነበር።

«ኦርኪዶች ናቸው» አሉኝ። «ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ከፋ ጫካ ውስጥ መንገድ ሲቀይሱ ትልልቅ ዛፎች ይወድቃሉ። ከወደቀው ዛፍ ላይ እየለቀመ በጆንያ ያመጣልኝ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ እዚሁ አኖርኳቸው፤ ግሪኩም ይወዳቸው ስለነበር መስታወቱን ያሠራው እሱ ነው። በየጠዋቱ እየወረድኩ አጠጣቸው ነበር። ከዚያ ታሸገ።»

«ውሃ እንኳ እንዲያጠጡ አልፈቀዱልዎትም?»

«ለመንኳቸው። ‹ታሽጓል እኮ› አሉኝ። ከውጪ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በመስታወቱ እያየኋቸው ደረቁ።» ጥግ ላይ ወደተሰበረ አንድ መስታወት አመለከቱኝ። «በዚህች ቀዳዳ በእጄ ውሃ እረጭ ነበር። የሚደርሰው ለዚህች ለቅርቧ ብቻ ነው።»

ከቀዳዳው አጠገብ የተንጠለጠለችውን አወረድናት። አንድ ቅጠል ነበራት። እሱም ተጨማዶ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ግን አረንጓዴ ነው። አሮጊቷ ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳቅ አሉ። «እንግዲህ ከትርፍ ቤቴ የተረፈችኝ ይቺ ናት» አሉ። የአራዳ ሰው በቀብሩም ላይ ቢሆን በቃል ሳይጫወት አይውልም። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ያን ቀን ሥራ ሳልገባ አረፈድኩ። «ምላጭ አለሽ?» አሉኝ። ባለቤቴ ጢሙን የሚላጭበትን አመጣሁና በክብሪት እሳት ላይ አሳለፍኩት። እሳቸው ሥሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየጨመቁ፣ «ይሄ ባዶ ነው፣ ቁረጪው። ይሄም። ይሄን ተይው፣ ነፍስ አለው» ይሉኛል። የሞተው ሥር ሲጨመቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይንኮሻኮሻል፤ ደህናው ጠንከር ይላል። ስንጨርስ የቀረው እፍኝ አይሞላም። የተቆረጠውን ጫፍ የከሰል ዱቄት ነሰነስንበት።

«አፈር ላምጣ?» ብዬ ተነሣሁ።

«ኧረ በማርያም! አፈር ይገድላታል። ዛፍ ላይ ተጣብቃ ጉም የምትጠጣ ናት እኮ።»

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያደግሁት ነቀምት አካባቢ ነው፤ አባቴ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ወንዝ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ እንዲህ ያለ ቅጠል ሞልቶ ነበር። ልጆች ሆነን ድንጋይ እንወረውርበት ነበር እንጂ አበባ ይሆናል ብለን ቀና ብለን አላየነውም። ይህን ስነግራቸው፣ «እንኪያስ የአገርሽ ልጅ ናት፣ አንቺው አስታምሚያት» አሉኝ።

የሚያስፈልጋት የአሮጌ ዛፍ ልጥ ነበር። ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ አንድ ግንድ ወድቋል ብለው ላኩኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የጊዮርጊስን ቅጥር አልፌ ገብቼ አላውቅም ነበር። ነጠላ ተከናንቤ፣ ከግንዱ ላይ ልጡን ስልጥ አንድ ቄስ መጡብኝ።

«ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

ደነገጥኩና «ለበሽተኛ ነው አባቴ» አልኩ።

«እግዜር ይማርልሽ» ብለው ባረኩኝና አለፉ። ለእማማ ስነግራቸው፣ «ታዲያ መች ዋሸሽ!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ኦርኪዷን ልጡ ላይ አስቀምጠን በአሮጌ የናይሎን ካልሲ አሰርናት። ውሃዋ የጣራ ውሃ ሆነ። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ነከር አድርጎ ማውጣት እንጂ ማጨቅየት የለም።

ከዚያ ወዲህ እማማ በየጠዋቱ ይወርዳሉ። እኔ ዓይን፣ እሳቸው ጣት ሆንን። «ቅጠሉ ምን ይመስላል? የሥሩ ጫፍስ?» ይሉኛል። ለወራት መልሴ አንድ ነበር፦ «እንደነበረው ነው።» አንዳንዴ ቢጫው የሰፋ ይመስለኛል፤ እሱን አልነግራቸውም። ያችን አንድ ቅጠል በተኛሁበት ሁሉ የማስባት ሆንኩ። ብትሞት የማፍረው እኔ ነኝ። ቤታቸው የነበረው ቤቴ ሆኗል፣ በተከራያቸው አልጋ ቦታ የእኔ አልጋ ቆሟል። ቢያንስ አበባቸው በእጄ አትሙት አልኩ።

ባለቤቴ ግን አልወደደውም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በትምህርት ቤታቸው ከመምህራኑ ክፍል አንዱ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ማንም የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ወንበር። እሱ እየከሳ መጣ። እማማ ሲወርዱ ደብተር የሚያርም መስሎ ጀርባውን ይሰጣል። አንድ ቀን ከሄዱ በኋላ፣ «ለአንድ ቅጠል ብለሽ ሦስታችንንም ልታስፈጂን ነው?» አለኝ።

«አሮጊት ናቸው። ምን ያደርጋሉ?»

«እሳቸው ምን ያደርጋሉ አላልኩም። ቀበሌዎቹ እኛን ምን ያደርጉናል ነው ያልኩት።»

በማግስቱ ግን ሲያንኳኩ ከፈትኩላቸው።

የፈራው ነገር በቀበሌው የሴቶች ማኅበር በኩል መጣ። ከስብሰባ በኋላ ኃላፊዋ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ከአሮጊቷ ጋር ጠዋት ጠዋት ምን እንደምናወራ ጠየቀችኝ።

«ስለ አበባ ነው» አልኩ።

«አበባ ማን ናት?»

«ሰው አይደለችም፤ የሚያብብ አበባ ነው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ያብባል?»

«ገና አላበበም።»

ራሴ ስሰማው የማይታመን ነገር ሆነብኝ። ሰው በየቀኑ በሚሞትበት ጊዜ፣ ሁለት ሴቶች ስለማያብብ አበባ በየጠዋቱ እንደሚያወሩ ማን ያምናል? «እናያለን» አለችና ለቀቀችኝ።

በጋው ሲከር የጠዋቱ ፀሐይ በመስታወቱ በኩል እየገባ ቅጠሏን ያቃጥላት ጀመር። መጋረጃ የምሠራበት ጨርቅ ስላልነበረኝ መስታወቱን በአሮጌ ጋዜጣ ሸፈንኩት። ጥላው በጣም ተስማማት። አንድ ጠዋት ከግንዷ ሥር ነጭ፣ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ፣ የክብሪት ራስ የምታህል ነገር ብቅ ብላ አየሁ። እማማ እንዲነኳት ጣታቸውን ይዤ ወሰድኩ። «ሥር ናት» አሉ በሹክሹክታ፣ ሕፃን የተኛ ይመስል። ሥሯ አደገች፤ ቀጥሎም ሁለተኛ ቅጠል እንደ ምላስ ወጣ።

አሰሳ የተደረገው በዚያው ሰሞን ነው። ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ተባለ። ረፋዱ ላይ አብዮት ጥበቃዎች ገቡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የባለቤቴን መጻሕፍት አንድ በአንድ አራገፉ፣ የልጄን የጨርቅ ቁልል ሳይቀር በረበሩ። አንዱ ወደ በረንዳው ገባ። ልጡን ከነተክሏ መንጭቆ አወረደና «ምን ተቀብሮበታል?» እያለ የታሰረችበትን ካልሲ በጩቤ በጠሰው። አዲሷ ሥር ቀጭ ስትል ሰማሁ። ወለሉ ላይ ጣላት። ቀና ሲል ደግሞ መስታወቱ ላይ ያለውን ጋዜጣ አየ።

ጋዜጣው ላይ የአገሪቱ መሪ ፎቶ ነበር። ተዘቅዝቋል።

እኔ ስለጥፈው ፀሐዩን እንጂ ፎቶውን አላየሁም። ጥላ ፈልጌ ነው የለጠፍኩት።

«ይህን የለጠፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ወዲያው ከኋላችን፣ ከውጪው ደረጃ ላይ፣ እማማ በጠራ ድምፅ «እኔ ነኝ ልጆቼ፤ ዓይኔ አያይም፣ ላይና ታቹን አለየሁትም» አሉ።

«አይደሉም! እኔ ነኝ፤ ቤቱ የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ለአድኃሪ ጥብቅና ቆመሽ ነው?» አለኝ አንዱ። ወደ እሳቸው ዞሮ «ነይ ውረጂ!» አላቸው። በሰማንያ ዘመናቸው አንቺ ሲባሉ ያኔ ሰማሁ። እማማ ከዘራቸውን ፈልገው ወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ እጄን ጨበጥ አደረጉና፣ «ሥሯን አታርጥቢው፤ ቁስሉ ይድረቅ» አሉኝ። ይዘዋቸው ሄዱ።

ልጄ ታለቅሳለች። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሱን ለመውቀስ አቅም አልነበረኝም። ተንበርክኬ ተክሏን አነሣሁ። አሮጌው ቅጠል መሐሉ ተሰንጥቋል፤ አዲሱ ደህና ነው። የተሰበረችውን ሥር ቆርጬ ከሰል ነሰነስኩባት። መልሼ አሰርኳት። ከዚያ በቀር የማደርገው ነገር አላወቅሁም።

ምግብ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ምግቡን ተቀበሉኝ፤ ማየት ግን ከለከሉኝ። በሁለተኛው ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ነጭ ነጠላቸውን አየሁ። ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። «እማማ፣ ደህና ናት!» ብዬ ጮህኩ። ጠባቂው ገፋኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ኮቱን ለበሰና «ቀበሌ ልሄድ ነው» አለኝ። ማታውን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ዓይኑ ይናገራል።

«ምን ልትል?»

«እውነቱን። ጋዜጣው የተለጠፈው በእኛ ቤት፣ በእኛ እጅ ነው። ማንበብ የማይችሉ ዓይነ ሥውር ምን ያውቃሉ? እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ማስተዋል የነበረብኝ እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ቢያስቀሩህስ?»

«ቢያስቀሩኝ ይቺን ልጅ ይዘሽ ነቀምት፣ አባትሽ ጋ ሂጂ» አለና ልጃችንን ሳማት።

ያ ጠዋት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። በበረንዳው በር ላይ ቆሜ ጸለይኩ፤ የጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ጮክ ብዬ የጸለይኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ በሩ ሲከፈት እማማ የባለቤቴን ክንድ ይዘው ቆመዋል። እሱ ያን ቀን በሊቀመንበሩ ፊት ያለውን ሁሉ አልነገረኝም። ጥፋቱን አምኖ ፈርሞ እንደወጣ፣ ሊቀመንበሩም ልጁን ያስተማረለት እሱ በመሆኑ እንደለቀቃቸው በኋላ ነው የሰማሁት። እማማ ከንፈራቸው ደርቋል፣ እግራቸው አብጧል። ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ባለቤቴ ራሱ ውሃ አሙቆ እግራቸውን አጠባቸው። ያን እያየሁ ፊቴን አዞርኩ።

ኦርኪዷ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሳታድግ፣ ሳትሞት። የተሰነጠቀው ቅጠል ረገፈ። ክረምት ሲገባ በረንዳው እየበረደ ሄደና ማታ ማታ ወደ ውስጥ አስገባት ጀመር፤ ባለቤቴ ከመተኛቱ በፊት ሽቦዋን ፈትቶ የሚያመጣልኝ እሱ ሆነ። ሁለት ሥር በአንድ ጊዜ ወጣ። ከዚያ ሦስተኛ ቅጠል። ጥቅምት አልፎ ብርዱ ሲለቅ ከቅጠሎቹ መሐል እንደ ሥር ያልሆነ ቀጭን ነገር ወጣ። እማማ በየጠዋቱ እየዳሰሱት፣ «የአበባ ዘንግ ነው» ለማለት እስኪጠነክር ጠበቁ።

አመሻሽ ላይ ነው የፈነዳችው። ነጭ፣ ኮከብ የምትመስል፣ ከኋላዋ ቀጭን ረጅም ጭራ ያላት አበባ። እማማን ጠርቼ ደገፍ አድርጌ አወረድኳቸው። ያን ጊዜ ፈጽሞ ማየት አቁመው ነበር። አፍንጫቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አሸተቱ። የሆነ ትልቅ ነገር ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ድሮ ከዚህ ይበልጥ ይሸት ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ወይ አፍንጫዬም አርጅቶ ይሆናል። መልኳ እንዴት ነው?»

ነገርኳቸው። ቀለሟን፣ ጭራዋን፣ አሮጌው ቅጠል ከረገፈበት የቀረውን ጠባሳ። «ጠባሳውስ ይቅርብሽ፣ እሱን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

አበባዋ ሳትረግፍ የባለቤቴ ዝውውር ደረሰ። ወደ ሐረርጌ ቆላ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ። ፈርሞ ከወጣው ነገር የተነሣ ይሁን ወይም ተራ ዝውውር፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አቤት የሚባልበትም ዘመን አልነበረም። ዕቃችንን ስናስር እማማ «ውሰጃት፣ ያንቺ ናት» አሉኝ። እንቢ አልኩ፤ በዚያ ሙቀት አንድ ወር አትቆይም ነበር። ፎቅ አውጥቼ በመስኮታቸው አጠገብ ሰቀልኳት። አብራቸው ልትኖር የእህታቸው ልጅ ከጎጃም መጥታ ነበርና እንዴት እንደምታጠጣት አሳየኋት።

ከዓመት በላይ ቆይቼ አንዴ በፈቃድ ስመጣ አየኋቸው። ባለቤቴም አብሮኝ ነበር፤ ወደ ፎቁ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። እማማ አልጋ ላይ ነበሩ። በድምፁ አወቁት። «ና ተቀመጥ የኔ ጌታ» አሉት፤ እጁን ይዘው ስለ ሐረርጌ ዝናብና ስለ ተማሪዎቹ ጠየቁት። እሱ እንዲያ ሲያወራ ከብዙ ጊዜ በኋላ መስማቴ ነበር። እኔ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ኦርኪዷ አራት ቅጠል ነበራት፤ ታች እኛ በነበርንበት ቤት ያሉት እነማን እንደሆኑ ስጠይቅ የእህታቸው ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሌሎች ተመርቶላቸዋል፤ አንቀራረብም» አለችኝ።

ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሳምንታት በኋላ ነው። የይለፍ ወረቀት ብጠይቅ «የሥጋ ዘመድሽ ናት?» አሉኝ። አይደሉም ብዬ ተመለስኩ። ተክሏ የት እንደደረሰች የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ የእህታቸው ልጅም ወደ አገሯ ተመልሳለች አሉ። ያን ዕለት ማታ ባለቤቴና እኔ ስለ እሳቸው አወራን። ልጃችን፣ «ማን ሞተ?» ብላ ጠየቀችን። «ያደግሽበት ቤት ባለቤት፣ እማማ» አልኳት።